አሜን ያልተባለበት ምርቃት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ እንቅልፍ የመጣበት እዚያው ይተኛ፣ እኔ ማንንም አልጎትትም። ይሄ ነገር አቀበት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ አንዱን ቃል ደጋግሞ ያደክማል። ድካሙ ግን የእኔ አይደለም፣ የመንገዱ ነው።

ከአምባው ሥር የምትኖር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይርሳው ይባላል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ የሻረግ። የሻረግ ሐዋሳ ወርዳ ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ፣ በጥር ልትዳር ቀን ተቆረጠ። መንገዱ ሩቅ ነው። ይርሳው አልጋ ላይ ነው። ደብሪቱ የታመመ ባሏን ለማን ጥላ ትሂድ? እናም ልጅቱ አባት በሌለበት፣ እናት በሌለችበት፣ ዘመድ በማታውቅበት ከተማ ልትዳር ሆነ። ይሁን ተባለ። የቸገረው ሰው ይሁን ከማለት ሌላ ምን ቃል አለው?

ይርሳው ሳይታመም በፊት አንድ ደግ ሥራ ሠርቶ ነበር። የደብሪቱን ስልክ አፉ ሥር አስይዞ የልጁን ምርቃት በገዛ ድምፁ አስቀርጿል። "የሰርጉ ለት ትልኪላታለሽ፤ ቀድሞ የተላከ ምርቃት ይበርዳል" አላት። ብዙም ሳይቆይ ግማሽ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ታሰረ። ዛሬ ይሰማል፣ ያያል፣ ያለቅሳል፤ አይናገርም። ስለዚህ ያ ምርቃት ወንድም የለውም። ስልኩ ውስጥ ካለው ሌላ የለም። ቢጠፋ ጠፋ፣ ዳግም የሚለው አፍ የለም።

የሰርጉ ለት ጠዋት የሻረግ ደወለች።

"እማዬ፣ ሚዜዎቹ መጥተዋል። የሙሽራው ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል። እኔ የማንን ጉልበት ስሜ ነው የምወጣው? አባባ ሳይመርቀኝ ከተቀመጥኩበት አልነሳም።"

"ተይ ልጄ፣ ሰው አታስቀይሚ።"

"አልነሳም አልኩሽ። እነሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተነሳች ጥለናት እንሄዳለን እያሉ ነው። ላኪልኝ" አለች፤ መስመሩም ጭጭ አለ።

ደብሪቱ የፈለገችው ይሄንኑ ብቻ ነው፤ የባሏ ምርቃት ልጇ ጆሮ እንዲገባ። ትንሽ ነገር ናት። ትንሽ ነገር ግን እግር ታበዛለች።

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "አንተ ስልክ፣ ምርቃቱን ልቀቅ። ሙሽራ አልነሳም አለች።"

"አልለቅም" አለ ስልክ።

"ለምን? በየቤቱ እየዞርኩ ቻርጅ የማስደርግህ እኔ፣ መልሰህ የምትኮራው እኔው ላይ?"

"ኩራት አይደለም። ከእጄ ወጥቶ ሰው እጅ ሳይገባ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? የሚሸከመው ኔትወርክ አምጪና እለቃለሁ።"

ደብሪቱ ተሳዳቢ ሴትም ብትሆን እውነት ሲነገር ታውቀዋለች። ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ወጣች።

ኔትወርክን ከባሕር ዛፎቹ ጥግ አገኘችው። ነፋስ ሲመጣ ብቅ፣ ነፋስ ሲሄድ ጥልቅ ይላል፣ እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ። "አንተ ኔትወርክ፣ ና ምርቃቱን ተሸከም። ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች።"

"አልሸከምም" አለ ኔትወርክ። "ታወር ሳይጠራኝ ብነሳ ግማሽ መንገድ ላይ አደራሽን ጥዬ እቀራለሁ። ቀድሞም የማይታመን እየተባልኩ ስሜ ጠፍቷል።"

"ስምህን ያጠፋው ሥራህ ነው።"

"እሱስ ልክ ነሽ። ሂጂና ታወርን ጥራው በይልኝ።"

ታወሩ አምባው ጫፍ ላይ ነው። ሰዎቹ ሲተክሉት ከአሮጊት ጉልበት ጋር አልተማከሩም። ደብሪቱ ጉልበቷን በእጇ እየገፋች አቀበቱን ወጣች። ላይ ስትደርስ ትንፋሿ እስኪመለስላት ጠበቀች፤ ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "አንተ ታወር፣ ኔትወርክን ጥራው። ኔትወርክ አልሸከምም አለ፣ ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች" አለችው።

"አልጣራም" አለ ታወር።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ቁመት ምን ልታደርገው ነው፣ ልብስ ልናሰጣብህ?"

"ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እናት። የልጅሽን ድምፅ ጠዋት ያመጣሁት በመጨረሻ ትንፋሼ ነው። ባትሪ ካላጎረሰኝ በምን አቅሜ እጣራለሁ?"

ሲያዝን ስታይ መሳደቧን ተወች። እሷም ደክሟት የለ።

ባትሪው ታወሩ እግር ሥር በብረት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሣጥኑን በጡጫዋ መታችው። "አንተ ባትሪ፣ ታወርን አጉርሰው። ታወር አልጣራም አለ፣ ኔትወርክ አልሸከምም አለ፣ ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች።"

"አልሰጥም" አለ ባትሪ ከውስጥ። "ሆዴ ባዶ ነው። አንቺ ባዶ ሌማት ከፍተሽ ለእንግዳ ታቀርቢያለሽ?"

"እኔ ቤት ሌማት ባዶ ሆኖ አያውቅም።"

"እንግዲህ እኔ ቤት ይሆናል። ሶላር ካልሞላኝ የምሰጠው የለኝም።"

ሌማት ባዶ ሆኖ አያውቅም ያለችው ውሸቷን ነው። ለባትሪ ግን ችግሯን አትነግርም።

ሶላሩ ከሣጥኑ ጀርባ ወደ ሰማይ ተንጋሎ ተኝቷል። "አንተ ሶላር፣ ባትሪን ሙላው። ባትሪ አልሰጥም አለ፣ ታወር አልጣራም አለ፣ ኔትወርክ አልሸከምም አለ፣ ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች።"

"አላይም" አለ ሶላር። "ፊቴን ተመልከቺው። የአውድማችሁ እብቅ፣ የአሞራችሁ ኩስ። የታወሩ ዘበኛ አዝመራ ሊሰበስብ ከወረደ ወዲህ ፊቴን ያጠበልኝ የለም። ፀሐይ እላዬ ላይ ቆማ እኔ ጨለማ ውስጥ ነኝ።"

ደብሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ሞከረች። እብቁ ከኩሱ ጋር ደርቆ እንደ ግድግዳ ምርጊት ተጣብቋል። ምራቋን እንትፍ ልትልበት አለች፤ አፏም ደርቋል።

"ምራቅሽን ለራስሽ አቆዪው" አለ ሶላር። "ውሃ ካላጠበኝ አላይም።"

ውሃ ደግሞ የት አለ? ታች። የወጣችውን ሁሉ መልሳ ወረደች። ወደ ምንጩ ጎንበስ ብላ፣ "አንተ ውሃ፣ ና ሶላርን እጠበው። ሶላር አላይም አለ፣ ባትሪ አልሰጥም አለ፣ ታወር አልጣራም አለ፣ ኔትወርክ አልሸከምም አለ፣ ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች" አለችው።

"አልወጣም" አለ ውሃ። "አቀበት እኔም አላውቅ፣ አባቴም አያውቅ። የምናውቀው መውረድ ነው።"

"መውረድማ ማን ያቅተዋል።"

ከውሃ ቀጂዎቹ ጀሪካን ተውሳ ሞላች። ልታነሳው ብትል ወገቧ እምቢ አለ። ደግማ ብትሞክር ወገቧ አለቀሰ። ጀሪካኑን አስቀመጠችው።

"አየሽ" አለ ውሃ፣ "አንቺም አቀበት እየረሳሽ ነው። አህያ ካልጫነኝ አልወጣም።"

ከምንጩ አጠገብ ገለባ የሚለቃቅም አንድ አህያ አለ። ደብሪቱ ስታየው ልቧ ወረደ። የጎረቤቷ የእንጉዳይ አህያ ነው። የሌላ ሰው አህያ ቢሆን ምን ነበረበት? ቀረበችና በዝቅታ፣ "አንተ አህያ፣ ውሃን ተጫን። ውሃ አልወጣም አለ፣ ሶላር አላይም አለ፣ ባትሪ አልሰጥም አለ፣ ታወር አልጣራም አለ፣ ኔትወርክ አልሸከምም አለ፣ ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች" አለችው።

"አልጫንም" አለ አህያ፣ ማኘኩን ሳያቆም።

"አህያ ደግሞ እምቢ ማለት ከማን ተማረ?"

"ከእመቤቴ። እንጉዳይ አኩርፋሻለች። እሷ ላኮረፈችው ሰው ጭነት ብሸከም ማታ ገለባ የሚሰጠኝ ማን ነው? እሷ ተናግራ ካላዘዘችኝ አልጫንም።"

እንጉዳይና ደብሪቱ አጥር ለአጥር ናቸው። የሻረግ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠች እንጉዳይ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እንጉዳይ ዘጋቻት። ደብሪቱ ምክንያቱን አታውቅም፤ መጠየቅ ውርደት መስሏት አልጠየቀችም። እንጉዳይም መናገር ውርደት መስሏት አልተናገረችም። ሁለት ኩሩ ሴት አንድ አጥር ሲጋሩ የሚያረጀው አጥሩ ነው።

እንጉዳይ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ደብሪቱ ፊቷ ቆመች። "እንጉዳይ፣ አህያሽን እዘዢው። አህያ አልጫንም አለ፣ ውሃ አልወጣም አለ፣ ሶላር አላይም አለ፣ ባትሪ አልሰጥም አለ፣ ታወር አልጣራም አለ፣ ኔትወርክ አልሸከምም አለ፣ ስልክ አልለቅም አለ፣ ሙሽራ አልነሳም አለች።"

እንጉዳይ አልናገርም አለች። አልናገርም ብላም አይደለም፤ እንዝርቷን አሾረች፣ ቀና አላለችም። አጠገቧ የምትጭረውን ዶሮ ነው ያናገረችው።

"አንቺ ዶሮ፣ ሙሽራ አለች ይላሉ። የት አገር ይሆን? እኛ ደጅ የሰርግ ወሬ አልመጣም።"

ደብሪቱም ወደ ዶሮዋ ዞረች። "አንቺ ዶሮ፣ ለእመቤትሽ ንገሪያት። ሰፈሩን ሁሉ ስጠራ እሷንም ጠርቻለሁ። በቸኮል አፍ ልኬባታለሁ፣ ስልክ በሚጠግነው።"

"ቸኮልን ደጄ ላይ አላየሁትም በያት።"

"አጥሩ ላይ ቆሞ ጮኾ ነገርኳት ብሎኛል በያት።"

"መቼ በያት።"

"ቅዳሜ ጠዋት በያት።"

"ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ነበርኩ በያት። ለአጥሩ ነግሮት ይሆናል። ሰማሁ ብሎ የመለሰለት ማን ነው? አጥሩ?"

ዶሮዋ የሰው ነገር ሰልችቷት ወደ ጓሮ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች የሚያናግሩት አጡ።

ደብሪቱ ነገሩ አሁን ገባት። ቸኮል "ነገርኳት" ሲላት "እሷስ ምን አለች?" ብላ አልጠየቀችውም። ከአፏ የወጣ ሁሉ የደረሰ መስሏት ትታዋለች።

"ልኬብሽ ነበር" አለች፣ አሁን ለዶሮ ሳይሆን ለሰው።

"ተልኮ ያልደረሰ ካልተላከ በምን ይለያል፣ ደብሪቱ?" የእንጉዳይ ድምፅ ቁጣ የለውም፣ ድካም ብቻ ነው። "የሻረግን ከማሕፀንሽ የተቀበልኳት በዚህ እጄ ነው። ሰርጓን ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ከሰው ወሬ ለቅሜ ነው የሰማሁት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ የማውቅ መሰልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ማታውን ምግብ አልቀመስኩም።"

ደብሪቱ ፀሐይዋን አየቻት። አዘንብላለች። አንድን ነገር ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መናገር አትወድም፣ ፀባይዋ ነው። ያን ለት ግን ዋጠችው።

"እንጉዳይ" አለች፣ "ልጃችን ዛሬ ትዳራለች።"

ተናግራም አልሄደችም። መልስ ጠበቀች። እንጉዳይ የያዘችውን ክር ፈትላ ጨረሰች፣ ሌላ ጀመረች። ደብሪቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ሰማሁ" አለች እንጉዳይ፣ እንዝርቷን አስቀምጣ። "እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን ያን ሰነፍ አህያ ንጂው፣ ነጠላዬን ላምጣ።"

እንጉዳይ ተናገረች፣ አህያ ተጫነ፣ ውሃ አቀበቱን ወጣ። ሁለቱ አሮጊቶች ሣር እየነቀሉ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ አንዷ ሌላዋን "እዚህ ጋ ዘለልሽ፣ ዓይንሽ ደክሟል" እያለች ሶላሩን ፈትገው አጠቡት። ሶላር አየ። ባትሪን ሞላው እንዳልል ፀሐይዋ እያለቀች ነበር፣ አቀመሰው ልበል። ባትሪ ሰጠ፣ ታወር ተጣራ፣ ኔትወርክ ከባሕር ዛፉ ጥግ ተነስቶ መጣ፣ ተሸከመ። ስልክም መልቀቅ ጀመረ።

የይርሳው ድምፅ ከደብሪቱ መዳፍ ተነሳ። ደብሪቱ ያን ድምፅ ከሰማችው ቆይታለች። ዓይኗን ወደ ገደሉ መለሰች።

"የሻረግ ልጄ፣ የገባሽበት ቤት ይሙቅሽ" ይላል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ከሩቅ፣ ከሐዋሳ፣ "አሜን" ይመጣል።

"የዘረጋሽው እጅ ባዶውን አይመለስ።" ጸጥ። "አሜን።"

"ጎረቤትሽ ዘመድ ይሁንሽ።" ጸጥ። "አሜ" የሚል መጣና ተቆረጠ።

ባትሪ ደከመ፣ ታወር ዝም አለ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ስልክ ጨበጠ፣ ሙሽራ እንደተቀመጠች ቀረች።

ኔትወርክ ይመጣ እንደሆን ብሎ አምባው ላይ ሲያደባ የዋለው ቸኮል ይሄን ሲያይ እየሮጠ መጣ። "እማማ ደብሪቱ፣ ይስጡኝ ላስተካክለው።"

"ምኑን ነው የምታስተካክለው?"

"ቅጂው ከብዶ ነው። ቅድም ሰምቼዋለሁ፣ ግማሹ እኮ ባዶ ነው። ጋሽ ይርሳው ይናገሩና ዝም ይላሉ፣ ይናገሩና ዝም ይላሉ። ዝምታውን ልቁረጠው፣ ይቀላል። እምቢ ካለም ስልኩን አጽድቼ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።"

"እጅህን ሰብስብ" አለች ደብሪቱ። "አጽድተህ በምን አፍ ነው የምትጀምረው? የይርሳውን ምላስ አንተ ትፈታዋለህ? ደግሞ ዝምታ የምትለው ዝምታ አይደለም፣ የአሜን ቦታ ነው። መራቂ አሜን እስኪባል ይጠብቃል። አንተን መርቆህ የሚያውቅ የለም ማለት ነው?"

"እሺ ይሁን፣ ዝምታው ይቆይ። ግን ተቋርጧል እኮ። የተቋረጠ ነገር ከላይ ነው የሚጀመረው።"

"ሽማግሌ ሲመርቅ ሳል ቢይዘው ከላይ ይጀምራል?" አለች እንጉዳይ፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣ። "አሜን ከተባለበት ይቀጥላል እንጂ።"

"አሜኑም ተቆርጧል እኮ። መስማቷን በምን እናውቃለን?"

"እንግዲያ ያቺን አንዷን ይድገማታ። ምርቃት ቢደገም ማንን ገደለ? ከላይ ያሉት ግን ደርሰዋል፣ ለምን ታለፋቸዋለህ?"

ቸኮል ራሱን አከከ። "መልእክት ማድረስ እንደሆነ እኔም ትንሽ አውቃለሁ።"

"አጥሬን ጠይቀው፣ ይመሰክርልሃል" አለች እንጉዳይ። ቸኮል ነገሩ ገብቶት ጫማውን ማየት ጀመረ።

ያን ጊዜ ስልክ ተናገረ። "እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። አሜን የተባለበትን ለቅቄያለሁ፣ አሜን ያልተባለበትን ይዣለሁ። የቆምኩበትን አውቃለሁ። ብቻ አትነካኩኝ። በጠቀጠቃችሁኝ ቁጥር እያደከማችሁኝ ነው። ጥቂት ልጠብቅና ልሞክር፤ እምቢ ካለ ከዚያ ረዘም አድርጌ ልጠብቅ።"

ባትሪም ከሣጥኑ ውስጥ፣ "ከላይ ከጀመራችሁት ለመጨረስ አልበቃም። ለቀረችው ብቻ ከሆነ ትንሽ ላጠራቅም" አለ።

ጠበቁ። ከመሮጥ ይልቅ መጠበቅ ያደክማል። ስልክ ጥቂት ጠብቆ ሞከረ፣ የለም። ረዘም አድርጎ ጠብቆ ሞከረ፣ የለም። ቸኮል ጣቱ ይበላዋል፣ ልጫነው ይላል፤ እንጉዳይ የእጁን አንጓ ጨብጣ ይዛዋለች። ፀሐይዋ የማዶውን ጋራ ልትነካ ምንም አልቀራት። የታጠበው ሶላር ከጋራው ጫፍ የቀረውን ብርሃን ሲለቅም ይታያል። ሐዋሳም ይህችው ፀሐይ ናት። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከዘራቸውን አንስተው ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ደብሪቱ ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ጫጩት ይዛ ቆማለች።

ከብዙ በኋላ ባትሪ ያጠራቀማትን ሰጠ፣ ታወር ተጣራ፣ ኔትወርክ ተሸከመ፣ ስልክም ካቆመበት ቀጠለ።

"ጎረቤትሽ ዘመድ ይሁንሽ" አለ ይርሳው። ጸጥ።

"አሜን።"

እንጉዳይ የቸኮልን እጅ ለቀቀችና በነጠላዋ አፍንጫዋን ጠረገች። "ነፋሱ ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"የደከምሽበት አይክዳሽ።"

"አሜን።"

"እኔ ያላየሁትን አንቺ እይ። እኔ ያልደረስኩበት አንቺ ድረሺ።"

ይህ የመጨረሻው ነው። ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። ስልክ ምርቃቱን እንደያዘ ነው፣ አልለቀቀም። ቸኮል "ደርሷል እኮ" ሊል አፉን ከፈተ፤ ደብሪቱ አየችው፣ ዘጋው።

"አሜን" አለች የሻረግ፣ እያለቀሰች።

አሜን ተባለ፣ ስልክ ለቀቀ፣ ኔትወርክ አረፈ፣ ታወር ጉሮሮውን ዘጋ፣ ባትሪ ሆዱን ይዞ ተኛ፣ ሶላር በጋራው ጥላ ዓይኑን ከደነ፣ የተረፈው ውሃ ቁልቁለቱን እየዘፈነ ወረደ፣ አህያ ገለባ ፍለጋ ሄደ። ሐዋሳ ላይ ሙሽራ ተነሳች። አምባው ላይ ደግሞ የሙሽራ እናት ባለችበት ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች።

"ተነሺ፣ ሳይጨልም እንውረድ" አለች እንጉዳይ።

"እግሬ አልነሳም አለ።"

"ያንቺ እግር ደግሞ ምን አምጪ ይላል? አህያው ይውሰድሽ እንዴ?"

"አህያ ላይ እኔ? ቀባሪ አጥቼ ብቀር አልወጣበትም።"

"እንግዲያ ያዢኝ።"

ያዘቻት። አንዷ በአንዷ ላይ እየተደገፉ፣ መንገዱን እየረገሙ ወረዱ።

ደብሪቱ ቤት ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና ስልኩን ይርሳው ጆሮ ላይ አደረገችው። ስልኩ ምርቃቱን ልኮ አሜኖቹን ተቀብሎ ይዟል። አንድ በአንድ አሰማችው። የሻረግ አሜን ስትል፣ አሜን ስትል፣ በመጨረሻው እያለቀሰች አሜን ስትል።

ይርሳው ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣውም። ደብሪቱ ከንፈሩን እያየች፣ እስኪያቆም ጠበቀች። ሲያቆም፣

"አሜን" አለችው።

የእኔም እዚህ ላይ አለቀ። የሰማ ሰማሁ ይበል፤ ካልሆነ ከሙሽራዋ ጀምሬ እደግምላችኋለሁ፣ እኔ እንደሆን የሚቸኩልብኝ የለኝም።